አርቦሬ ያለችኝ ጊደር

ንጋት፣ ጂንካ። ድሮ ከብት ይግጥበት የነበረውን የመሃል ከተማ አውሮፕላን ሜዳ አልፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው አይደለም። ቢሆንም ሆራ «ና» ብሎ ካስደወለ አልቀርም።

ሆራ የአርቦሬ ሰው ነው፤ ጃላዬ ነው። ጃላ ማለት ከብት ተሰጣጥተው የሚዛመዱት ወዳጅ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን የቡና ገለፈት በአህያ ጭኜ ቆላ ስወርድ አንዲት ጥጃ ሰጠሁት። ቆላው ሲደርቅ እህል ከቤቴ ይጭናል፤ እኔን ሲቸግረኝ ፍየል ይነዳልኛል። እንዲህ ነበር የምንኖረው። ከጥጃዋ ዘር ዛሬ አንዲት ጊደር ቀርታለች።

ረፋድ፣ ወይጦ። ድሮ መንገድ አድረን የምንደርስበት አገር፣ ዛሬ በአስፋልት ፀሐዩ ሳይበረታ ገባን። ከሰል በጆንያ፣ ሙዝ በዘለላ ተደርድሯል። ከዚህ በሞተር ነው።

«አባባ፣ ጠበቅ አርገው ይያዙኝ፤ ኢንሹራንስ የለኝም» ይላል ሞተረኛው።

«እኔም የለኝ፤ ቀስ በል።»

ቀትር፣ አርቦሬ። የሆራ ቤተሰቦች ይዤ የሄድኩትን የቡና ገለፈት አፍልተው በቅል ሰጡን። ሆራ ከስቷል።

«ጃላ፣ የከብት ኢንሹራንስ መጣ። ከሰማይ ሣር የሚያይ አለ አሉ። ሣር ሲጠፋ፣ ከብት ሳይሞት ብር ይሰጣል።»

«ሣሩ ካልጠፋስ?»

«የከፈልኩት ቀረ።»

«በምን ትከፍላለህ?»

ወደ ጊደሯ አየ። ጃላ የሰጠው ከብት፣ ዘሩም ቢሆን፣ ያለ ሰጪው ቃል አይሸጥም። ለካ የጠራኝ ለዚህ ነው።

«እኔ እያለሁልህ?» አልኩት።

«አንተ አርጅተሃል፤ እኔም። ባለፈው ድርቅ ልጄ እህል ፍለጋ ጂንካ ቤትህ ድረስ ሄደ። ልጆችህ ‹ማን ነህ?› ብለው ከበር መለሱት።»

ይህን አልሰማሁም ነበር። አላስቀየመኝም ደግሞ፤ እውነቱን ነው። ተነሥቼ ጊደሯን ጀርባዋን ዳበስኳት። ሞቃለች።

«ሽጣት» አልኩት። «ሌሎቹ ከብቶችህ ይትረፉ።»

በማግስቱ ማምሻ፣ ጂንካ። ታላቁ ልጄ በር ላይ ተቀበለኝ።

«አባዬ፣ ጊደራችን ደህና ናት?»

«ልትሸጥ ነው።»

«እንግዲህ ከዚያ ሁሉ መንገድ ተገላገልክ።»

«በሚመጣው ሳምንት አንተ ትሄዳለህ።»

«ምን ልሠራ?»

«የሆራን ልጅ ስሙን ጠይቀህ ና።»