የክሊፎርድ ትንፋሽ

ክሊፎርድ ብላንቻርድ በእንግሊዝ አገር በግሪምስቢ ወደብ ዓሣ በጢስ ሲያጥን ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ዓሣውን በረጅሙ ጭስ ማውጫ ውስጥ በዘንግ ሰቅሎ ከሥር ሰጋቱራውን ያጤሰዋል፤ እሳቱ እንዳይነድም እንዳይጠፋም ይጠብቃል። ትዳሩንም የያዘው በዚሁ ዘዴ ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ዘዴው የከሸፈው በሲጋራው ምክንያት ነው። ሳሉ ያንገፈገፋት ሚስቱ ኖርማ አንድ ቀን ወደ እንግዳ ክፍል አባረረችው። "የጤና ጣቢያዋ ነርስ 'ንጹሕ ነህ' እስክትልህ ድረስ አልጋዬ ዘንድ ድርሽ እንዳትል!"

ክሊፎርድ አልጋውን ይወዳል፤ ኖርማንማ የበለጠ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ከነርስ ጂሊያን ማጨስ ለማስተው የሚሰጥ፣ ጢስ የሌለው፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተቀበለ። የሥራ ባልደረባው ሮይ፣ "ሽማግሌው፣ ከረሜላ ጀመርክ? ነገ ደግሞ ጡጦ ይዘህ እንዳትመጣ!" እያለ ቢያላግጥበትም ጨከነ። እውነተኛውን ሲጋራ እርግፍ አድርጎ ተወው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሥራ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዶ በር ላይ ከምትጠብቀው ኖርማ ጋር ገባና ትንፋሽ ውስጥ ያለውን የጢስ መርዝ በምትለካው መሣሪያ ውስጥ ነፋ። መሣሪያዋ ቀይ አበራች።

"የኔ ጌታ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣም" አለች ጂሊያን።

"አጭሼ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!"

"ምላስህማ ምን ይሳነዋል!" አለች ኖርማ።

እውነት ብቻዋን ስትቆም ምንኛ ታሳዝናለች! ክሊፎርድ ዕድሜውን ሁሉ "አንዲት ብቻ ነው ያጨስኩት" እያለ ሲዋሽ ግማሹ ይታመንለት ነበር። አሁን እውነት ሲናገር የሚያምነው ጠፋ።

ጂሊያን ግን ካፖርቱን አሸተተችና ቅንድቧን አነሳች። "ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከሥራ።"

"ከጢሱ ሥር?"

"ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን ልምጣ?"

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። መሣሪያዋ ጢስ መኖሩን እንጂ የሲጋራ ይሁን የሰጋቱራ አትለይም። "እሑድን ዕረፍና ሰኞ ሥራ ሳትገባ ና።"

ሰኞ ነፋ፤ አረንጓዴ በራ። አብራው የመጣችው ኖርማ ግን አልተዋጠላትም። "ተበላሽታ ይሆናል።"

"እንፈትሻታ! አንቺ አጭሰሽ አታውቂም፤ ንፊባት።"

"እኔ? እኔማ... ጉንፋን ይዞኛል።"

"መሣሪያዋ ጉንፋን አትቆጥርም" አለች ጂሊያን።

ነፋች። ቀይ።

ክሊፎርድ መሣሪያዋን አየ፤ ሚስቱን አየ። "ኖርማ?"

"ምን ኖርማ ኖርማ ትለኛለህ! መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሙሉ ፓኮ ትተህ! የተገዛ ነገር ይጣላል እንዴ? አንዱን ብሞክር፣ አንዱ ሌላውን ጠራ። ደግሞ አንተ ራስህ ጢስ ጢስ ስለምትሸት ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው!"

ጂሊያን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ዕቃ ማስቀመጫውን ከፈተች። "አንቺስ፣ የኔ እመቤት፣ እንጆሪ ወይስ ናና?"

ያን ዕለት ማታ ክሊፎርድ እንደ ድል አድራጊ ወደ አልጋው ተመለሰ። አልጋው ባዶ ነበር። ኖርማ፣ "ሕጉ የኔ ነው፤ ለኔም ይሠራል" ብላ እንግዳ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታለች።

ክሊፎርድ ጥቂት ተገላበጠ። ከዚያ ግድግዳውን አንኳኳ። "ነይ እንጂ! እኔ'ኮ ነርስ አይደለሁም።"

"ንጹሕ ሳልሆን አልመጣም!"

"እኔን ስታገቢኝ ንጹሕ ነበርኩ?"

ቆይቶ የእንግዳው ክፍል በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ተሰማ።