የዋሻው ባልጩት

የእርጥብ ቆዳ ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር፣ ከየካ ተራራ ሥር ወዳለው ሸለቆ፣ ወደ ወንዙና ወደ ዋሻው እመለሳለሁ። አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከሰፈሩ ወዲህ ኮርቻና አጎዛ ፈላጊው በዝቶ፣ በጋውን ሁሉ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቆዳውን ወጥሮ በጥቁር ባልጩት ሲፍቅ ይውል ነበር። «ሰው ፋቂውን ይሸሻል፤ ቆዳውን ግን አይሸሽም» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ከወንዙ ዳር ባልጩት እየለቀምኩ፣ ስሱን ወደ ፀሐይ አንስቼ በውስጡ ጭስ የመሰለ ዓለም ሳይ፣ ቀኑ ሳላውቀው ይመሽብኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጎጇችን ስላፈሰሰች፣ ነፍሰ ጡር እናቴን ይዘን ዋሻው ውስጥ ገባን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሞልቶ እያገሳ ምጧ መጣ፤ አዋላጇ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበረች። ልጁ ተወለደ፤ እትብቱ ግን የሚቆረጥበት ጠፋ። በእኛ ዘንድ እትብት የሚቆረጠው በባልጩት ነው፤ ቆዳ የነካ ባልጩት ከቆረጠው ግን ልጁ አያድግም ይባላል፤ አዲስ የምንለቅምበትን ዳር ደግሞ ጎርፍ ውጦታል። አባቴ ወደ ዋሻው ጓዳ ሮጦ፣ መሬቱን በእጁ ቆፍሮ አንድ ስስ ባልጩት አወጣ።

«ይኸው! እጅ ያልነካው!»

አክስቴ ወደ ብርሃኑ አዙራ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «አንተ፣ ይህን እኮ ሰው ጠርቦታል! አንዱ ጎኑ በሥራ ዶልዱሟል። የማን እንደ ነበር፣ ምን እንደ ቆረጠበት ማን ያውቃል?»

ሕፃኑ ድምፅ የለውም። የሚሞት መስሎኝ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ።

«እትዬ፣ የጠረቡት የጥንት ሰዎችም እዚሁ ወልደው ይሆናል» አለች እናቴ በደከመ ድምፅ። «በስለታሙ ጎን ይቁረጡት።»

አክስቴ ድንጋዩን በእሳት አሳልፋ እትብቱን ቆረጠች፣ የሕፃኑንም ጀርባ መታ መታ ስታደርገው ወንድሜ ጮኸ። ዋሻው ጩኸቱን ተቀብሎ ሲመልሰው፣ ከጨለማው ውስጥ ብዙ ሕፃናት አብረውት ያለቀሱ መሰለኝ። አባቴ እትብቱን ከነባልጩቱ ድንጋዩን ባገኘበት ጉድጓድ ቀበረው። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል፣ ወንድሜን አዝዬ አደይ በሞላው ዳር እዞር ነበር።

ዛሬ ወንድሜ ሽበታም ሽማግሌ ነው፤ ሸለቆውንም ባሕር ዛፍ ወርሶታል። አምና የልጅ ልጄ ሐኪም ቤት ተወለደ። እትብቱ የተቆረጠበት መቀስ የተቀቀለ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ እናትም ልጅም ደህና ሆነው ሳይ ፈጣሪን አመሰገንኩ። እትብቱ የት እንደ ወደቀ ብጠይቅ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።