ባለ ቅጠሉ ከረጢትና የአባቴ የጓሮ ድንች

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ከሚያርሱበት ከጋሳይ ሳይነግሩኝ ከች አሉ... ትከሻቸው ላይ ሁሌ የሚልኩልኝ ግማሽ ጆንያ ድንች።

እኔ ደግሞ የቀቀልኩት ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ፎቶውን እዚሁ ለጥፌ «ተፈጥሮን የሚወድ ይሄን ይግዛ» ብያችሁ ነበር። ታጥቦ የጠራ፣ አረንጓዴ ቅጠል በታተመበት ከረጢት የታሸገ። ቤይሩት ሳለሁ አሠሪዬ ያለዚያ ቅጠል ቲማቲም እንኳ አትገዛም ነበር። ከሷ የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅጠል አይቶ መግዛት ነው።

አቀረብኩላቸውና ትምህርት ጀመርኩ... ገበሬውን አባቴን ስለ እርሻ! ፊደል ስላልቆጠሩ የከረጢቱን ጀርባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለአፈር የሚስማማ፣ ኬሚካል ያልነካው፣ ከጋሳይ ማሳ የተሰበሰበ።

አባቴ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ከጋሳይ በመኪና የሚጫነውማ የመስኩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን በየሳምንቱ መድኃኒት ካልረጨነው በሽታ ይጨርሰዋል። ለገበያ ነው እንጂ ለቤት አናገባውም። ለልጅ የሚሆነው በፍግ የሚበቅለው የጓሮው ነው... ላንቺ የምልክልሽ።»

ከረጢቱን አጣጥፌ ደበቅኩት።

«ያለፈው አለቀ እንዴ?»

«አዎ አባባ... በልቼ ጨረስኩት።»

አልበላሁትም። ጭቃ ነው፣ ደቃቃ ነው፣ ለመላጥ ያስቸግራል እያልኩ በመጣ ቁጥር ለጎረቤቴ ለእትዬ ሙሉ ነበር የምሰጠው።

ተናግሬ አፌን ሳልዘጋ እትዬ ሙሉ አባቴን ሰላም ሊሉ በር ላይ ደረሱ።

«የድንቹ ጌታ አንቱ ነዎት? እግዜር ይስጥልን፤ ልጆቼ በሱ ነው የከረሙት። እሷማ ቀምሳውም አታውቅ፣ እንዳለ ነው የምታመጣልን።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «እኔ ነኝ ለጎረቤት አስቀድሚ ያልኋት» አሉ።

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አባቴ ሲዋሹም ሰምቼ አላውቅም... በስተርጅና ያዋሸኋቸው እኔ ነኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እትዬ ሙሉ ሲሄዱ አባቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የቀረበላቸውን ጨርሰው በሉ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ ጆንያውን ፈትተው ድንቹን ለሁለት ከፈሉት።

«ትልልቁን ለልጆቹ ስጪ» አሉኝ። «ደቃቃውን ግን አንቺው ብዪው።»

ይሄው ጭቃውን እያጠብኩ እየላጥኩ ነው። ያንን ፎቶም አጥፍቼዋለሁ... ከእንግዲህ የትኛው አረንጓዴ እውነተኛ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ እኔን ትቶ ፊደል የማይቆጥሩትን አባቴን ይጠይቅ።