ያልበሰለው ፓፓያ

አብዮት ጠባቂዎች የያዙኝ ነጩን የላቦራቶሪ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነው። ጉለሌ ውስጥ አንድ የተወረሰ ቪላ ግቢ አስገቡኝና ከጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት ገፈተሩኝ። ሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር ጡብ የምታህል መስኮት፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት ባልደረባዬን ነው። አራት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሠርተናል። ያሳሰረንን የተከለከለ የፖለቲካ ወረቀት በመሥሪያ ቤታችን ማባዣ ያባዛው እሱ ነው፤ ሲገርፉት የሰጣቸው ግን የእኔን ስም ነው። ይህን በማግስቱ ነገሩኝ፣ ውስጥ እግሬን እየገረፉ።

መንጋጋው ተሰብሯል። አገጩን በነጠላ ቁራጭ ከአናቱ ጋር አስሮ በሩ አጠገብ፣ የሽንት ባልዲው ሥር ይተኛል። ማንም አይጠጋውም። እኔም አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያቃስት ደስ ይለኝ ነበር።

ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ አልነበረውም። በሶ ቢገኝ በጠጣ፤ ግን በሶ ውስጥ ደብዳቤ ተገኘ ተብሎ ዱቄት የሚባል ነገር ከበር ይመለሳል። ከየቤታችን የሚገባው ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ሁለቱም ጥርስ ይፈልጋሉ። በሻይ የራሰ ቂጣ እየመጠጠ ከሰውነት ተራ ወጣ። አፉ ውስጥ ያለው ቁስልም አልሽር አለ።

አንድ እሁድ ጠዋት እህቴ ከቋንጣው ጋር ፓፓያ ላከችልኝ። አረንጓዴ ነው፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ።

"ዘበኛውን ፈንክትበት ብላ ነው የላከችው?" አለ አንዱ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ቆዳውን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ነጭ ወተት አወጣ። ቀና ስል ባልደረባዬ ከበሩ ሥር ወተቱን ያያል። ምን እንደሆነ ከዚያ ክፍል የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

አጠገቤ ከእንጦጦ እንጨት እያወረዱ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጠንካራ ሥጋ ያለሰልሳል" አልኳቸው።

"እንዴት አድርጎ?"

"ሥጋ ውስጡ ረጅም ሰንሰለት ነው። ወተቱ ውስጥ ደግሞ ኢንዛይም የሚባል አለ፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ሰንሰለቱ እዚያ ሲገጥምለት ጨብጦ ይይዘዋል፣ ይበጥሰዋል፣ ይለቀዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እሱ ራሱ አያልቅም።"

"እንግዲያማ ለዚያ ሰውዬ አለስልስለት።"

"ለእሱ? ምን እንዳደረገኝ እያወቁ?"

"አውቃለሁ። ቂምህን ያዘው፣ ማን ከለከለህ? ሥጋውን ግን ስጠው።"

ለምን እሺ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። እጄ ሥራ ናፍቆት ይሆናል። የቋንጣውን በርበሬ አጥቤ፣ በጫጭቄ፣ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ውሃ ጨምሬ ነከርኩት፤ የፓፓያውን ወተት አንጠባጠብኩበት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ኢንዛይሙን ያደነዝዘዋል፤ ስለዚህ ጣሳውን ከሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ አቀፍኩት። የሸጠኝን ሰው ምግብ በገላዬ ማሞቄ! ራሴን ሰደብኩት።

አመሻሽ ላይ ቋንጣው ገንፎ መስሏል። አንድ ነገር ቀረ። ኢንዛይም የቋንጣ ሥጋና የሰው ሥጋ ለይቶ አያውቅም። ሳይፈላ ከተሰጠው የአፉንም ቁስል ይበላዋል። ከፈላ ግን ያ ጎድጎድ ያለው ቦታ ቅርጹ ይበላሻል፤ መያዝም መቁረጥም ያቆማል። ሳላፈላ ብሰጠው ማን ያውቅብኛል? ይህን አሰብኩ፤ አንዴም ብቻ አይደለም።

የሻዩ በርሜል ግቢው ውስጥ እሳት ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ ጣሳውን ፍሙ ላይ አስቀመጥኩ።

"ምንድን ነው?" አለ አብዮት ጠባቂው።

"ቋንጣ ነው። ላፈላው ነው።"

"እሳቱ ለሻይ ነው። ወይ ሻይህን ትጠጣለህ፣ ወይ እሱን ታፈላለህ።"

በቀን የምናገኘው ትኩስ ነገር ያቺ ሻይ ብቻ ነበረች።

"ላፍላው።"

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። "ለማነው? ለዚያ ለጠቆመህ?" ብሎ ሳቀ። "እኔ ብሆን መርዝ ነበር የማበላው።"

እስኪንተከተክ ቆምኩ፤ ከተንተከተከም በኋላ በሰደፍ እስኪገፈትረኝ ቆምኩ።

ጣሳውን ባልደረባዬ ፊት አኖርኩት። አላነሳውም። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ። ከታሰረ መንጋጋው በጭንቅ የወጣችው ቃል ይቅርታ አልነበረችም።

"አፍልተኸዋል?"

ጣሳውን አናቱ ላይ ልደፋበት ቃጣኝ። ግን ሥራ ቦታም እንደዚሁ ነበር የሚጠይቀኝ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ቀቅዬ ስጨርስ። እኔም እንደ ድሮዬ መለስኩለት።

"አዎ፣ በደንብ።"

በጣቱ ጠልቆ ጎረሰ። ሥጋ በኢንዛይም እንደዚያ ሲቆራረጥ ይመራል፤ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ጨረሰው። ፓፓያው ደርቆ ወተቱ እስኪያልቅ ስድስት ቀን ሻዬን አጣሁ። ከዚያ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱኝ፤ ሳልሰናበተው ወጣሁ።

መትረፉን ከዓመታት በኋላ ሰማሁ። ይቅር አላልኩትም፤ ሽማግሌውም ቂሜን አልከለከሉኝም። አትክልት ተራ ጥሬ ፓፓያ ባየሁ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ግን ያን ዕለት፣ በሐሰት ስሜን የሰጠ ሰው አንዲት "አዎ" ስለው አምኖኝ ጎረሰ። እውነቴን ነበር።