ቆሎ የጠቀለልኩበት ካርታ

ጠባቂው ጥቅሌን ሲፈታ ቆሎው ትሪው ላይ ተበተነ። እሱ ግን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ መብራቱ ከፍ ሲያደርገው እኔም አብሬው አየሁ። መርከቦች፣ ከመርከቦቹ በላይ አውሮፕላኖች፣ ከአውሮፕላኖቹ ወደ ታች የሚወርዱ ቀያይ ቀስቶች። ሂጃብ የለበስኩ ሴትዮ፣ አውሮፕላን ሲያጠቃ የሚያሳይ ስዕል በቦርሳዬ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሜያለሁ።

የሎንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ሠራተኛውም እንደ መንገደኛው እየተፈተሸ ነው የሚገባው። ቆሎ በወረቀት መጠቅለል ደግሞ የልጅነት ልማዴ ነው፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳሩንም ቆሎውንም በአሮጌ ደብተር ቅጠል ነበር ጠቅልሎ የሚሰጠን። የዚያን ቀንም ልጄ ከጣለችው ወረቀት አንዱን አንስቼ ጠቀለልኩበት። ምን እንዳለበት አላየሁም። ጽሑፉን ባየውም አላነበውም፤ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

"ይሄ ምንድን ነው? የማን ነው?" አለኝ ጠባቂው።

አገር ቤት ከተደረገው ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ኪሱ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ታስሮ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁት "ማን ሰጠህ?" ብለው ነው። እሱ ትዝ አለኝና ልጄን ላለማንሳት ብዬ፣ "የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የሳልኩት" አልኩ በምችላት እንግሊዝኛ።

አለቃውን ጠራ። አጭር፣ መነጽር ያደረገች ሴት መጣችና ባጄን ከአንገቴ አስወልቃ ያዘች። ያ ባጅ ከሌለ ሥራ የለም። ከወረቀቱ ላይ አንድ ቃል በጣቷ ነክታ፣ "ይህን አንብቢልኝ" አለች። ፊደሉን አፍጥጬ አየሁት። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። "እሺ፣ ገልብጪው።" አንድ ፊደል እንኳ በቅጡ አልወጣልኝም። ሁለቱ ተያዩ። ውሸቴ ከስዕሉ የባሰ ሆነ። ልጄን ከክፍሏ አስወጥተው ሲወስዷት ታየኝ።

ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩት አብረውኝ የሚሠሩት፣ እትዬ የምላቸው ያገሬ ሰው ናቸው። ባለፈው ወር እሳቸው እዚያው በር ላይ ሲያዙ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩት። የሰው ነገር ውስጥ አልገባም ነበር፤ ሎንደንን የኖርኩት እንደዚያ ነው። እሳቸው ግን አላለፉም። ጠጋ ብለው፣

"ቆሎሽን ከነጦርነቱ ነው እንዴ ጠቅልለሽ ያመጣሽው?" አሉኝ።

"የልጄ ነው፣ እትዬ። የታሪክ የቤት ሥራ ነው። ብናገር ቢወስዷትስ?"

"የሚያስወስዳት ውሸትሽ ነው። እውነቱን ተናገሪ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።"

እንግሊዝኛውን አሳምረው ይችሉታል። የቤት ሥራ መሆኑን ለአለቃዋ ነገሯት። አለቃዋ አላመነችም። "ስለምን የሚያወራ የቤት ሥራ?" አለች።

ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆማ፣ "እማዬ፣ አንቺ ፈታኝ ሁኚ" እያለች በአማርኛ በቃሏ ስትወጣው ነበር። እኔም ሳላውቀው ይዤዋለሁ።

"አሜሪካ መጀመሪያ ቤቷ ተቀምጣ ነበር" አልኩ። "ከፊተኛው ትልቅ ጦርነት በኋላ የሰው ጠብ አይመለከተኝም፣ በግራ በቀኝ ባሕር አለልኝ ብላ። እዚህ ሎንደን ቦምብ ሲወርድም መርከብና መሣሪያ ሰጠች እንጂ ለውጊያ አልመጣችም። በኋላ ጃፓን ሃዋይ ላይ መርከቦቿን መታች። ቀዩ ቀስት እሱ ነው። ያን ጊዜ ገባች። ጦርነቱ ሲያልቅም እንደ ፊተኛው ጠቅልላ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ወታደሯም እርዳታዋም እዚሁ አውሮፓ ቀረ።"

እትዬ በየመሀሉ ተረጎሙ። አለቃዋ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ታዳምጥ ነበር።

"ሰማያዊው መስመርስ?" አለች ጣቷን አሳርፋበት።

"ለእንግሊዝ የተሰጠው መሣሪያ የመጣበት መንገድ ነው።"

መስመሩን በጣቷ እስከ ጫፉ ተከተለችው። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ፣ ባጄንም መለሰችልኝ። "ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳትዋሺ" አለች። "ምግብሽንም በላስቲክ አድርጊ።"

ኮሪደሩ ላይ፣ "እትዬ፣ ያን ዕለት እርስዎን ሲይዙ እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አይቼሻለሁ" አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። "በይ ከተረፈው ቆሎ አምጪ። ሽንት ቤቶቹ ይጠብቁናል።"

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት አፏን ያዘች። "እማዬ፣ ሲሪየስሊ? እሱን እኮ ሃዋይን ያለቦታዋ ስያት ነው የጣልኩት።"

ሳቋ መጣ። ባጄን በሩ ጀርባ ሰቀልኩትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልወሰዳትም። ሁለታችንም ደኅና ነን።