«ያው እንደ ጋሼ ነው»

የአሰላው አጎቴ ሰው ቤት ብቻዬን መግባት እንደማፍር ያውቁ ነበር። ለቤተሰብ ጥናት መጀመሪያ መንደሮችን፣ ከዚያ ቤቶችን በዕጣ አውጥተን ስንጠይቅ፣ በእሳቸው መንደር በየቤቱ አብረውኝ ገብተው ይቀመጡ ነበር። «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ገብስ አገባችሁ?» ስል ባለቤቱ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ያው እንደ ጋሼ ነው» ይላል። ቀጣዩም እንዲሁ።

«አጎቴ፣ እኔ የምለካው እኮ በመልሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው! እርስዎ አጠገቤ ከተቀመጡ ሁሉም እንደ እርስዎ ነው የሚለው፤ ጥናቱ ይበላሽብኛል» አልኳቸው።

«ጎረቤት ምን ይለያየዋል? ልዩነት ከፈለግሽ ራቅ ብለሽ ሲሬ ውረጂ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጅ ሆነው ይጠብቁኝ ጀመር።

በቀደም ለለቅሷቸው ከሲሬም ከጢቾም ሰው መጣ። ስለ እሳቸው ሲያወሩ ሁሉም ያለው አንድ ነው፦ «ሰው ብቻውን አይተዉም ነበር።»

ይህን ሲሉ ግን፣ እንደዚያን ጊዜው ዞረው የሚያዩአቸው አጎቴ አጠገባቸው አልነበሩም።