ሞቱ ብዬ የጻፍኳቸው ዝንቦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም። በአማርኛ የምጽፈውም ለዚሁ ነው፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚያነብ የለም። እኔም ትምህርት ቤት ትግርኛው ቀርቶ አማርኛ ሲተካ በግድ ነው የተማርኩት። ለሌላ ባይጠቅመኝ ለመደበቂያ ጠቀመኝ።

አምና የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ለእኔና ለጸሃይቱ አንድ ዓይነት የመመረቂያ ሥራ ተሰጠን። ጸሃይቱ የቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ ናት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ሥራው የፍራፍሬ ዝንብ እያረቡ ዕድሜውን መቁጠር ነው። መምህራችን ሽማግሌ ጣልያን ናቸው፤ «ሰውነት እንደ ብረት ይዝጋል፣ እርጅና ዝገት ነው» ይላሉ። በለስ ዝገቱን ይከላከላል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ግማሾቹ ዝንቦች የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና እርሾ ብቻ ይበላሉ፤ ለግማሾቹ በክረምት አፍልተን ያስቀመጥነው የበለስ ጭማቂ ይጨመርላቸዋል። የትኞቹ ይቆያሉ? ጥያቄው ይኸው ነው። የየራሳችንን ጠርሙሶች ይዘን ለየብቻ እንቆጥራለን።

ደንቡ ቀላል ነው። በየሦስት ቀኑ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ፣ ዝንቦቹ ታች ሲወድቁ ወደ አዲስ ጠርሙስ መገልበጥ፣ የሞቱትን መቁጠር። የበረረ ካለ «አመለጠ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሞተ አይባልም። ሲሞት አላየንማ!

የአክስቴ ልጅ ያገባች ቀን ቸኮልኩ። ሰርጉ ፓራዲዞ ሰፈር ነው፣ ሚዜ ነኝ፣ ፀጉሬ ገና አልተሠራም። የእርሾው ሽታ ስላስጠላኝ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ጠርሙሱን ሳልመታ አፉ ላይ የተወተፈውን ጥጥ ነቀልኩት። ፊቴ ላይ ቡን አሉ። በለስ የማይበሉት፣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ፣ በመስኮቱ ወጡ። ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ከዚያ «በዚህ ብርድ ውጭ መሞታቸው ይቀራል?» ብዬ ሞቱ ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢሞቱ ደግሞ ያስጠረጥራል፤ ለዛሬ ጥቂት፣ ለሚቀጥለው ቆጠራ ጥቂት እያልኩ ከፋፈልኳቸው። ይሄ መቸኮል ነው? አይደለም። ይሄ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ የእኔ የበለስ ዝንቦች ከሌሎቹ እጅግ የቆዩ መሰሉ። የጸሃይቱ ግን በለስ የበሉትም ያልበሉትም እኩል አረጁ፣ እኩል ሞቱ። መምህራችን የእኔን ወረቀት እንደ ሕፃን አቀፉት። የእሷን አላመኑም። ዝንብ ሲበርደው ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው፤ ለዚህም ነው በለስ የሚበሉትንና የማይበሉትን ለየብቻ አምፑል በሚያሞቀው ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጣቸው። የእሷ በለስ ያልበሉት የቆዩት የሳጥናቸው አምፑል እየጠፋ በርዷቸው ነው አሉ። ጸሃይቱ አጠገቤ ቆማ ሳለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲኞሪና፣ አንቺ ከዚህ አትጠፊም ነበር። የእሷ አምፑል ጠፍቶ አይተሻል?»

በርቶ ነበር። ሁልጊዜ በርቶ ነበር። እሑድ እንኳ ከቤት ጊዮርጊስ በእግሯ ወርዳ ታየው ነበር።

«አንዳንዴ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ኮሌጁ ለተመራቂ የሚሰጠው የረዳት መምህርነት ሥራ ለአንዳችን ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ለእኔ ተሰጠኝ። እሷን «ሥራሽን ድገሚ» አሏት፤ አባቷ አንድ ዓመት የመጨመር አቅም ስላልነበራቸው ሳትመረቅ ወጣች።

ያን ዕለት ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዋእ! ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም፣ ሓፍተይ?» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ማብራቱን ረስቼው ይሆናላ።»

አመነችኝ! ከዓይኗ ይልቅ እኔን አመነች። እኔስ? «አይዞሽ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት እዳጋ ሓሙስ ፌርማታ አጠገብ አገኘኋት። አጎቷ ሱቅ ጨርቅ ትሸጣለች። «ኣንቲ መምህር! ደሞዝተኛ! ጨርቅ ግዢ እንጂ፣ በዚያው ቀሚስ ልታረጂ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ለምሳ ሱቁን ቆለፈችና ልንሄድ ስንል ተመልሳ ከፈተችው። መብራቱን አየች፤ ጠፍቷል። ቆለፈች። አሁንም ከፈተች።

«ሳቂብኝ፣ ግድ የለም» አለች። «ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምንም።»

ሳቅሁ። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

ወጣት ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነው አልልም፤ ዛሬም ወጣት ነኝ፣ ዛሬም እቸኩላለሁ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ከእሷ በፊት ለእናንተ መናገሬ ራሱ ፈሪነት ነው። ይህን ስጽፍ ሱቋ ክፍት ነው። በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አልሄድኩም።